አማሽ፣ አማ፣ አማሙሽ

የወረዳችን ስም እናርጅ እናውጋ ነው። ስሙ ከየት እንደ መጣ የታሪክ ሰዎች ይጨነቁበት፤ በጆሮው ብቻ ለሚፈርድ እንደኔ ላለ ሰው ግን ሁለት ግስ ነው፤ ‹‹እናርጅ››፣ ‹‹እናውጋ››። ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ወርቅ ላይ ቁርስ ሲበላ የወረዳውን ስም በሰሌዳ አንብቦ የግብዣ ወረቀት የደረሰው ሊመስለው ይችላል። እኛም ሁለቱንም ግስ አክብረን እንኖራለን። ማርጀቱን ሳንወድ፣ ማውጋቱን ወደን።

እስቲ ሰብረን እንያቸው። ማን ያርጅ? እኛ። ‹‹እኛ›› የሚል ቃል ግን የትም የለም፤ መነሻዋ ‹‹እን›› ውስጥ ተሸጉጧል። ገጣሚዎች ቀለም፣ የዛሬ ተማሪዎች ክፍለ ቃል በሚሉት ስንቆጥር እን-ናርጅ ሁለት፣ እን-ናው-ጋ ሦስት፣ ባንድነት አምስት ነው። ይኸንኑ አንድ ፖርቱጋላዊ ይበል ቢባል ‹‹ኤንቨልየሳሙሽ፣ ኮንቨርሴሙሽ›› ይላል፤ ኤን-ቨ-ልየ-ሳ-ሙሽ፣ ኮን-ቨር-ሴ-ሙሽ። ዘጠኝ ቀለም! ‹‹እኛ››ን እኛ በር ላይ ስናቆም እነሱ ጓዳ፣ ‹‹ሙሽ›› ውስጥ አስገብተዋታል። ይኼን ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ሰው በርግጥም ማርጀቱ አይቀርም።

ፖርቱጋልኛን ከደብረ ወርቅ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንዲያውም አገር ጎብኚ እንኳ ሳያውቃት ከፖርቱጋል ጋር የተላላከች አገር ጎጃም ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መርጡለ ማርያምን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን መልክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች፤ ሰውየው ብዙ ተንገላቶ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደረሰ። መልሱ በፍራንሲሽኮ አልቫሬሽና በጓደኞቹ እግር ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። የዛሬ ልጆች መልእክት በሁለት ሰማያዊ ምልክት ተነብቦ ሳይመለስ ሲቀር ያኮርፋሉ። ከዚያ በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ መጣ። ኋላም ኢየሱሳውያኑ መጡ፤ ከነሱም አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ሰከላ ወጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ፓኤዝ በትውልዱ ስፔናዊ ነበር፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው፤ የሰው ግስ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው ማለት ነው። አፄ ፋሲል አባረሯቸውና ነገሩ ተቆረጠ። ሕዝባችን ግን ይቅር ባይ ነው፤ ፋሲል እነሱን ካባረሩ በኋላ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ሁሉ ዛሬም ‹‹የፖርቱጋሎች›› ይለዋል።

አሁን ፖርቱጋልኛን መልሶ ደብረ ወርቅ ያስገባው ግን ንግሥትም ጦርም አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው። ምክንያቱ ኳስ ነው። ሮናልዶ ጎል አግብቶ ሲጮህ ምን እንደሚል ያለ አስተርጓሚ ልስማ አለ፤ እኔም ደግፌዋለሁ፤ ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ በ2006 ዓ.ም. ማሪያኖ ባሬቶን ከፖርቱጋል አስመጥቶ የለ? ስልኩ ላይ የቋንቋ ማስተማሪያ ጫነና ማታ ማታ ጥግ ይዞ ማነብነብ ጀመረ።

አንድ ምሽት እህቴ ቡና አፍልታ የኔታም መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ናቸው፤ አሁን ጉባኤውን ለደቀ መዝሙራቸው ትተው ቡናውን ለራሳቸው አስቀርተዋል። ልጁ ጆሮው ላይ ገመዱን ሰክቶ፣ ‹‹አሙ፣ አማሽ፣ አማ፤ አማሙሽ፣ አማይሽ፣ አማውን›› ይላል።

እህቴ ጀበናውን እንዳነሣች ቀረች። ‹‹ማነው ያማኝ?››

‹‹ኧረ ማንም አላማሽም እማዬ። ግስ ነው።››

‹‹‹አማሽ› ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼ?››

‹‹እሱ እኮ ‹ትወዳለህ› ማለት ነው፤ ‹ትወጃለሽ›ም ይሆናል። ‹አማ› ደግሞ ወደደ … ይወዳል።››

‹‹ሐሜቱን ፍቅር ነው የሚል ስልክ ገዛሁልህ!›› አለችና ቀዳች፤ የመጀመሪያው ሲኒ ላይ ትንሽ ፈሰሰ።

የኔታ ግን አልሳቁም። ነቃ ብለው ተቀመጡ። ‹‹ተዪው አንቺ፤ ልጁ ግስ እያወረደ ነው። እስቲ በል ድገማት።›› ደገማት። ‹‹ያቺ ‹ሽ› የማን ናት?››

‹‹የሚወደው ሰውዬ ናት የኔታ። ‹አንተ› ማለት ናት።››

‹‹ባለቤት ናት በለኛ! የእኛዪቱ ‹ሽ› ተሳቢ ናት። ‹አማሽ› ስንል አሚው እሱ ነው፣ የምትታማዋ ‹ሽ› ናት፤›› ብለው በአገጫቸው ወደ እህቴ ጠቆሙ። ‹‹እነሱ ዘንድ ደግሞ ‹ሽ› ራሷ ትወዳለች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እሷ ዳኛ፣ ይቺ ተከሳሽ። ስንት ወረደልህ?››

‹‹ስድስት።››

‹‹አራቱን የት ጥለሃቸው መጣህ?››

የኔታ ያደጉበት ግስ አሥር ይወርዳል፤ ቀተለ፣ ቀተሉ፣ ቀተለት፣ ቀተላ፣ ቀተልከ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክን፣ ቀተልኩ፣ ቀተልነ። ወንዱና ሴቲቱ በሩቅም በቅርብም፣ በነጠላም በብዙም ይለያሉ። ልጁ ፖርቱጋሎች ግሳቸው ላይ ወንድና ሴት እንደማይለዩ ሲነግራቸው የኔታ፣ ‹‹ታዲያ ማን ማንን እንደ ወደደ ጎረቤት በምን ያውቃል?›› አሉ። ልጁ ያልነገራቸውን እኔ ልጨምር፤ ከስድስቱም ‹‹አማይሽ›› የተባለችው፣ ‹‹እናንተ ትወዳላችሁ›› የምትለው፣ ዛሬ በፖርቱጋል ሰሜን ገጠርና በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ እምብዛም አትሰማም። የኔታ ይህን ቢሰሙ ደግ ያደረገች ግስ ይሏት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሲያስቀኝ ይኖራል። የእኛ ሊቃውንት ለአርአያ የመረጡት ግስ ‹‹ቀተለ›› ነው፤ ገደለ። የግስ አለቆች ስምንት ናቸው ይባላል፤ ዝርዝሩ እንደ መምህሩ ይለያያል፤ ‹‹ቀተለ›› ግን ግንባር ቀደምነቱን የሚነጥቀው የለም፣ ‹‹ቀደሰ›› ተከትሎት ይመጣል። ገድሎ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ታሪክ ይመስላል። ፖርቱጋሎች ግሳቸውን በጭራው ሦስት ቦታ ይከፍሉና ብዙ ጊዜ ‹‹አማር››፣ ‹‹ቬንዴር››፣ ‹‹ፓርቲር›› የሚሉትን ለአርአያ ያቆማሉ፤ መውደድ፣ መሸጥ፣ መሄድ። አገር ላገር በመርከብ የዞረ ሕዝብ ግለ ታሪኩን በሦስት ቃል ጽፎ ለልጆቹ ሰጥቷል።

ግስን በመበለት ጎጃምን የሚያህል የለም ስል ወገኔን ማድላቴ ነው፤ ይሁን፣ አደላለሁ። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስም የሆኑት በከንቱ አይደለም። ከኛው ከቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ የልብ ወለዳቸውን ሰው በዛብህን የቅኔ ሰው አድርገው ሲፈጥሩት ከሩቅ አላመጡትም። በእነዚህ ቤቶች ተማሪው ቆሎውን እየቆረጠመ ማታ ማታ ግስ ያወርዳል። ቀዳማይ ‹‹ቀተለ››፣ ካልኣይ ‹‹ይቀትል››፣ ዘንድ ‹‹ይቅትል››፣ ትእዛዝ ‹‹ቅትል››። ያለፈው፣ ያላለቀው፣ ይሆን ዘንድ የሚፈለገውና የሚታዘዘው በየተራ ይጠራል። ከዚያ ደግሞ አምስቱ አዕማድ አሉ፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ አደራራጊ፣ ተደራራጊ። ይህን በአማርኛ ማየት የሚፈልግ ‹‹በላ››ን ይዞ ይነሣ፤ በላ፣ አበላ፣ ተበላ፣ አባላ፣ ተባላ። ድግስ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሆነው ነገር በአምስት ቃል አለቀ። ፖርቱጋላዊው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለማለት ረጅም ዓረፍተ ነገር ማሰናዳት አለበት፤ እስኪያሰናዳ ድረስ ገላጋይ ይደርሳል።

የኔታ ዘንድ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ የበለጠ የሚከበር መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም፤ ‹‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ›› በ1948 ዓ.ም. የታተመው ነው። ልጁ ደግሞ ትምህርት ቤት ‹‹ነፃ ምዕላድ፣ ጥገኛ ምዕላድ›› የሚለውን ይማራል፤ የባዬ ይማም የ1987ቱ ሰዋስው ወራሽ ነው። አያትና የልጅ ልጅ የሚያህሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል መሐላቸው አስቀምጠው አንዱ ‹‹ባዕድ ቀለም›› ሲል፣ ሌላው ‹‹ቅጥያ›› ሲል፣ እጃቸው ያረፈው ግን አንድ ቦታ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደሚያጣላን ነገር ልምጣ፤ ማጥበቅና ማላላት። ፊደላችን ሁሉን ይጽፋል፣ ይህን አይጽፍም። በሠፈራችን አንዲት እናት አማቻቸው ታስሮባቸው ነበር። አንድ ቀን ስልካቸው ላይ ‹‹ሰውየው ለፋሲካ ይፈታል›› የሚል መልእክት ገባ። ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ጠሩ። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቃሉን አላልቶ እንደ ወረደ አነበበው። ሴትዮዋ ብድግ አሉ። ‹‹ታስሮ ሳለ ነው ልጄን የሚፈታት? ስንቅ ያመላለሰችበት እግሯ ሳይደርቅ!›› ሽማግሌ ተጠራ፣ የሰርጉ ዋስ ተፈለገ፣ የጥሎሹ ነገር ተነሣ። ማታ አንድ ቄስ መጥተው መልእክቱን አዩና ‹‹ፈ››ንም ‹‹ታ››ንም አጥብቀው አነበቡት። ሰውየው ከእስር ሊወጣ ነው! እልልታው ቀለጠ። እናትየው ግን ለጥቂት ቀን አማቻቸውን በሆዳቸው ይቅር አላሉትም፤ ‹‹አስቦት ባይሆን ኖሮ እንዲህ አይጻፍም ነበር›› ይሉ ነበር።

‹‹መንገዱ ይሠራል››ም እንደዚሁ ነው። አጥብቆ ያነበበ ተስፋ ያደርጋል፤ አላልቶ ያነበበ፣ መንገዱ ከኛ ይልቅ ታታሪ ነው ብሎ ይቀናል።

ፖርቱጋሎች ማጥበቅና ማላላት ባይኖራቸውም ከዚህ መዓት አላመለጡም። የእነሱ ጣጣ ድምፅን የት ቦታ መጣል ነው፤ የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ እንደሚገረፍበት ዓይነት። ‹‹ፋላራውን›› ሲሉ መሐሉን ‹‹ላ››ን ከጫኑት ‹‹ተናገሩ›› ነው፤ ጫፉን ‹‹ራውን››ን ከጫኑት ‹‹ይናገራሉ›› ይሆናል። ሲጻፉ ፊደላቸው ይለያያል፤ ቢሆንም የብራዚል ተማሪዎች እስከ ዛሬ አንዱን ባንዱ እየለወጡ ይጽፋሉ። ያለፈውንና የሚመጣውን አንድ ጭነት ብቻ የሚለያቸው ቋንቋ ለምርጫ ቅስቀሳ እንዴት እንደሚመች አስቡት። ከዚህም የባሰ አለ። ‹‹ሳቢያ›› ብዬ በእኛ ፊደል ብጽፍ፣ ‹‹ሳ›› ስትጫን ዐዋቂ ሴት ናት፤ ‹‹ቢ›› ስትጫን ‹‹ያውቅ ነበር››፤ ጫፏ ‹‹ያ›› ስትጫን ደግሞ ወፍ ናት፤ ብራዚላውያን ብሔራዊ ወፋችን ያሏት ዘማሪ። እኛ ዘንድ ስትመጣ ‹‹ምክንያት›› ትሆናለች። ልጁ ይህን ለየኔታ ሲተርክላቸው ዓይናቸው በራ። ኅብር አገኙ። ዐዋቂዋ በወፏ ሳቢያ ታውቅ እንደ ነበር የሚናገር ጉባኤ ቃና ሊቆጥሩ ጥቂት ዝም ብለው ነበር፤ ኋላ ‹‹ግእዝ አይደለም፣ ይቅር›› ብለው ተዉት።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፖርቱጋልኛ ‹‹ዳር›› ሲል መስጠት ማለት ነው። ‹‹ዳሬይ›› እሰጣለሁ። ይህች ጭራዋ ‹‹ኤይ›› ድሮ ራሷን የቻለች ቃል ነበረች፤ ‹‹አለኝ›› እንደ ማለት። ‹‹መስጠት አለኝ›› ሲሉ ሲሉ ቃሎቹ ተጣበቁና የወደፊት ግስ ሆኑ። የእኛስ? እሰጥ፣ አለሁ፤ እሰጣለሁ። እንዲሁ ተጣብቃ የቀረች ‹‹አለሁ›› ናት። እነሱ ባላቸው፣ እኛ በመኖራችን ቃል እንገባለን። እስከዚህ ድረስ ብዙ ቋንቋ ያደርገዋል። ‹‹ለአንተ›› የሚለው ሲጨመር ነው ጉዱ። ፖርቱጋላዊው ‹‹ዳር-ት-ኤይ›› ይላል፤ ተቀባዩን ግሱን ሰንጥቆ መሐሉ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰዋስው ጸሐፊዎች እንደ ብርቅ ያሳዩታል፤ ጎረቤቶቹ ስፔኖች ዛሬ አይሉትም። እኛ ግን እሰጥ-ህ-አለሁ፤ ‹‹እሰጥሃለሁ››! አበዳሪም ተበዳሪም፣ አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃንም በየቀኑ የሚለው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው የሚባለው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ የፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ ሰው ወገቡን ታስሮ በገመድ እየተጎተተ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር፤ ፎቶግራፉ በውጭ መጽሔት ወጥቶ ዓለም አይቶታል። ‹‹እሰጥ›› ወዲህ፣ ‹‹አለሁ›› ወዲያ፣ ‹‹ህ›› መሐል ላይ ተንጠልጥሎ፤ እኔ ‹‹እሰጥሃለሁ›› የተባልኩ ቀን ሁሉ የሚሰማኝ ይኸው ነው።

እምቢታ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ቤት ይናጋል። ፖርቱጋላዊው ‹‹ናውን ት ዳሬይ›› ብሎ ተቀባዩን ከመሐል አንሥቶ ወደ ፊት ያወጣዋል። እኛ ተቀባዩን አንነካውም፤ ‹‹አለሁ››ን ነው የምናሰናብታት፤ ‹‹አልሰጥህም››። ሲሰጥ ‹‹አለሁ›› የሚል ሰው ሲከለክል የት እንደሚገባ የማይታወቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ብራዚል ውስጥ ይህ መሐለኛ ነገር ከአፍ ጠፍቶ ወረቀት ላይ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሚሼል ቴሜር በንግግራቸው ሲጠቀሙበት አገሩ ሁሉ መቀለጃ አደረጋቸው። ሰውየው ደብረ ወርቅ ገበያ ቢወጡ በርበሬ ሻጯ በዚያው ስልት ‹‹እመርቅልሃለሁ›› ብላ ታስተናግዳቸው ነበር። ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች ሌላም የሚኮሩባት አለቻቸው፤ ‹‹ሸጋር›› መድረስ፣ ‹‹ሸጋርሙሽ›› መድረሳችን። ንዑስ አንቀጹ ባለቤቱን ጭራው ላይ ይዞ ሲዞር የሚታይባቸው የአውሮፓ ቋንቋዎች ጥቂት ናቸው ብለው ይኮራሉ። መድረሴ፣ መድረስህ፣ መድረሷ እያልን ማንም ሳያጨበጭብልን የምንኖር ሰዎች ምን እንበል?

መስመር ሲያልቅባቸውም ሕግ አላቸው። ‹‹ዳር-ት-ኤይ›› ሰረዙ ላይ ከተቆረጠች፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተፈራረሙት የአጻጻፍ ስምምነት እንደሚለው ሰረዟ በመስመሩ መጨረሻ ተጽፋ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ትደገማለች። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ቢሰሙ ይገርማቸው ነበር። እነሱ ብራናው ባለቀበት ቦታ ቃሉን ቆርጠው፣ ምልክትም ሳያደርጉ፣ ቀሪውን ፊደል ወደ ታች ያወርዱታል። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ ስለሆነ የትም ቢቆረጥ ደም አይፈሰውም።

ይህን ሁሉ ስናወጋ ሦስተኛው ቡና ደርሶ ነበር። ጀሪካኑ በር ላይ ባዶውን ተቀምጧል። እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

‹‹አንተ ልጅ፣ ውኃውን ትቀዳልኛለህ አትቀዳልኝም?››

የኔታ እጃቸውን አነሡ። ‹‹ቆይ፣ ቆይ። ‹ትቀዳልኛለህ› ውስጥ ስንት አለ?››

ልጁ በጣቱ ቆጠረ። ‹‹ት፣ ቀዳ፣ ል፣ ኝ፣ አለ፣ ህ። ስድስት፣ የኔታ። እማዬ መሐል ገብታለች።››

‹‹መሐል ገብቼ ነው እንጂ በዳርማ ማን ይሰማኛል! ትቀዳለህ?››

‹‹እቀዳልሻለሁ›› አለና ገመዱን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ።

እህቴ ወደ የኔታ ዞረች። ‹‹ይኸው እሺ ብሏል፤ እርስዎ ምስክር ነዎት።››

‹‹ካልኣይ ነው የተናገረው፤›› አሉ የኔታ ሲኒያቸውን እየዘረጉ። ‹‹ቀዳማይ እስኪሆን እኔን አንድ ድገሚኝ።››